ከሚካኤል እስከ ሚካኤል

«መድኃኒቱን ልተወው ነው» ያሉኝ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ላይ ገና ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር። እኔም ከጠዋት ጀምሮ አፌ ላይ ውኃ አላረፈም። ካርዳቸውን ገለጥኩ። ሰርትራሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒት፣ 100 ሚሊግራም፣ ሁለት ባለ 50 ኪኒን፣ በቀን አንዴ። ከዓመት በላይ ደህና ናቸው። እንቅልፍ ጥሩ፣ ምግብ ጥሩ። «አይሆንም እማማ፣ ካቋረጡት ይመለስብዎታል» አልኳቸው። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና «እሺ ልጄ» አሉኝ። የወሩን ኪኒን ጻፍኩላቸው፤ ወጡ።

ያንን «እሺ» እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የምሠራው ጎንደር ነው። ይህን የምጽፈው የድብርት መድኃኒት እየወሰደ «አሁንስ በቃኝ» ብሎ ለሚያስብ ሰው ነው። እንዲሁም ያ ሰው ፊቱ መጥቶ ለሚቀመጥ ባለሙያ፣ ቤት ውስጥም አብሮት ለሚኖር ቤተሰብ። የእኚህን እናት ነገር የምነግራችሁ በፈቃዳቸው ነው። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ትቼዋለሁ።

በእኛ አገር «እሺ» ሁልጊዜ ተስማማሁ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ «ከአንቺ ጋር አልከራከርም» ማለት ነው። በተለይ ትልቅ ሰው ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው ሲለው። እሳቸውም በማግስቱ መድኃኒቱን አቆሙ። ሁለቱንም ኪኒን፣ በአንድ ቀን። ለማንም አልተናገሩም።

ከ16 ቀን በኋላ፣ ቀጠሯቸው ሳይደርስ፣ ልጃቸው ደግፋ ይዛቸው መጣች። ፊታቸው ገርጥቷል። ግድግዳ ይዘው ነው የሚራመዱት። «በሽታው ተመለሰ መሰለኝ ሲስተር» አለችኝ ልጅቱ፣ እንባዋ እየቀደማት። እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነበር። «አላልኩዎትም?» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ዋጥኩት። «መቼ ነው የጀመረዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በሦስተኛው ቀን» አሉኝ።

ይቺ መልስ ናት ነገሩን የለወጠችው።

መጀመሪያ ማዞር ነበር። ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ላብ መጣ። ሌሊት ቅዠት፤ ያውም ጥርት ያለ፣ የሞተ ልጃቸው መጥቶ የሚያናግራቸው። ከዚያ ደግሞ እሳቸው «ኮረንቲ» ያሉት ነገር። ዓይናቸውን ወደ ጎን መለስ ሲያደርጉ ራሳቸው ውስጥ ንዝር ያደርጋቸዋል። ለቅጽበት ነው። ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። አንድ ክሊኒክ ሄደው «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብለው ኪኒን ተሰጣቸው፤ ግሉኮስም ተሰቀለላቸው። የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ የጠየቃቸው የለም። ቀጥሎ ጸበል ሄዱ። እዚያ ሲንቀጠቀጡ ያየ ሰው «ለቀቀሽ፣ ለቀቀሽ» አላቸው። እሳቸው ግን እየባሰባቸው ሄደ።

ይህ ሁሉ ድብርቱ አገርሽቶ አልነበረም። ሰውነት የለመደው መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥበት የሚያሰማው ጩኸት ነው። ሁለቱን መለየት ለእኛም ለባለሙያዎቹ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት በሁለቱም አለ። ግን ጊዜውን መጠየቅ ብዙ ይረዳል። የማቋረጥ ምልክት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል። ድብርት ሲያገረሽ ግን ቀስ እያለ፣ በሳምንታትና በወራት ነው የሚገባው። ማዞርና ኮረንቲ የመሰለ ንዝረት ደግሞ የድብርት ጠባይ አይደለም፤ እኚህ እናት ሲታመሙ አንድም ቀን ኮረንቲ ብለው አያውቁም ነበር። ሌላው ምልክት መድኃኒቱ ሲመለስ የሚሆነው ነው። የማቋረጥ ስሜት በቀናት ውስጥ ይለቃል። ያገረሸ ድብርት ግን በመድኃኒትም ቢሆን ሳምንታት ይፈልጋል።

ያን ቀን አንድ ነገር ደግሞ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። «ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይከትም። ቤተሰብም ይህን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። አለመጠየቅ ነው የሚያስፈራው። «የለም ልጄ፣ እሱስ የለም» አሉኝ። ቢኖር ኖሮ የዚያን ቀን ወደ ቤት አልሰዳቸውም ነበር። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለ ሐኪም ደወልኩ። ተመካክረን 50 ሚሊግራም አስጀመርናቸው። በአራተኛው ቀን ልጅቱ ደወለችልኝ። ኮረንቲው ጠፍቷል። ከሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን መለስናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት። የመጨረሻ ተራ ሰጥቼ፣ ሰው ሲያልቅ፣ በሩን ዘግቼ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ለምን መተው እንደፈለጉ ሳልጠይቅዎት ነው የመለስኩዎት።» ዝም አሉ። ጣታቸው የነጠላውን ጥለት ይዞ ይፈትል ነበር።

«የእህቴ ባል ሞተ» አሉኝ። «ለቅሶ ሄድኩ። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታነባለች። የኔ ዓይን ደረቅ። ልቤ ያውቃል። እንባው ግን እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ አየኝ። በእህቷ ሐዘን አላዘነችም ብሎ አየኝ።»

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አለማልቀስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ጎንደሬ ላልሆነም መንገር አያስፈልገኝም። እኔ በየወሩ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም እያልኩ ስጠይቃቸው ከርሜያለሁ። ስለ እንባ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። እነዚህ መድኃኒቶች ሐዘኑን ሲያደበዝዙ አንዳንዱ ሰው ላይ ሌላውንም ስሜት አብረው ያደበዝዛሉ። ደስታውም ለቅሶውም ከሩቅ የሚሰማ ይሆንበታል። የታወቀ ነገር ነው። ግን ካልተጠየቀ ማንም ደፍሮ አያወራውም። ሌላው ደግሞ የትዳር አልጋ ነገር ነው፤ ፍላጎት ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ዝም ብለው ያቋረጡ ስንት ሰዎች አሉ! ባለሙያ ሆይ፣ እባክህ ጠይቅ።

ያለውን ምርጫ ሁሉ ነገርኳቸው። መጠኑን ቀንሶ እዚያ ላይ መቆየት ይቻላል። ሌላ መድኃኒት መሞከር ይቻላል። ቀስ ብሎ መተውም ይቻላል። እውነቱንም አልደበቅኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ባዘጋጀው መመሪያ፣ ሰው ከተሻለው በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት። ሲተውም ቀስ ብሎ፣ ቢያንስ አራት ሳምንት ወስዶ ነው። እሳቸው ይህን ጊዜ አልፈውታል፤ የታመሙትም አንዴ ብቻ ነው። ይህ ለእሳቸው ጥሩ ነው። ግን እንግሊዝ አገር ለዓመታት መድኃኒት ሲወስዱ የቆዩና ደህና የሆኑ ሰዎች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አለ። በዓመት ውስጥ ከቀጠሉት ከመቶ 39ኙ አገረሸባቸው። ቀስ ብለው ከተዉት ደግሞ ከመቶ 56ቱ። ቁጥሩን እንዳለ ነገርኳቸው። መፍራት ካለባቸው አውቀው ይፍሩ ብዬ ነው። ትንሽ አሰቡና «ካልቀጠሉት መቶ ሰዎች 44ቱ ደህና ናቸዋ» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ በዚያ በኩል አላየሁትም ነበር።

«ሱስ ሆኖብኝ ነው እንዴ ያንቀጠቀጠኝ?» ብለውም ጠየቁኝ። አይደለም። ሱስ የያዘው ሰው መጠኑን እየጨመረ፣ እያማረው ይሄዳል። እሳቸውን ግን አላማራቸውም። እንስራ አዝላ ረጅም መንገድ የመጣች ሴት እንስራውን ድንገት ስታወርድ ትንገዳገዳለች። ሰውነቷ በሸክሙ ልክ ጎንበስ ብሎ ስለነበር ነው። እንደዚያ ነው አልኳቸው። ይህ የሚደርሰው በሁሉም ሰው ላይ እንዳልሆነም ነገርኳቸው። ብዙ ሰው ያለ ምንም ችግር ይተወዋል።

ተስማማን። ግን ወዲያው አልጀመርንም። ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ የልጃቸው ሠርግ ነበር። ሠርግ ደስታ ነው፣ ግን ድካምም፣ እንቅልፍ ማጣትም፣ የገንዘብ ጭንቀትም ነው። ቀጥሎ ዐቢይ ጾም አለ። ኑሮ ሲናወጥ መድኃኒት አይቀነስም። ፋሲካ ይለፍ አልን።

እሳቸው ማንበብ አይችሉም። በወረቀት ላይ ቀን ጽፎ መስጠት ዋጋ የለውም። ዘዴውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። «ከሚካኤል እስከ ሚካኤል እናድርገው» አሉ። በ12፣ በ12። የሚካኤልን ቀን እንኳን እሳቸው፣ በእሳቸው ቤት ሕፃኑም አይረሳም። ግንቦት ሚካኤል ከሁለት ኪኒን ወደ አንድ ተኩል ወረድን። ሰኔ ሚካኤል ወደ አንድ።

ኪኒኑን የሚከፍሉት በምላጭ ነው። እንዴት እንደሆነ ጠረጴዛዬ ላይ አሳየኋቸው። አዲስ ምላጭ፣ ንጹሕ ሳህን፣ መሃሉ ላይ ያለችው መስመር ላይ አስተካክሎ አንዴ ጫን ማድረግ። እሳቸው ከእኔ የተሻለ ቆረጡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሶብ ሲሰፉ የኖሩ እጆች ናቸው። ግማሾቹን ክዳን ባላት ትንሽ የስፌት ሙዳይ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ ከእርጥበት ይርቅ ብለው። ልብ በሉ፣ ማንኛውም ኪኒን አይከፈልም። ካፕሱልና ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ ኪኒን አይቆረጥም። ፋርማሲ ጠይቁ።

ሐምሌ ሚካኤል ከአንድ ወደ ግማሽ ወረድን። ስህተቱ እዚህ ነው የተሠራው፤ የእኔ ስህተት ነው። እስከ አሁን በየወሩ ግማሽ ኪኒን እየቀነስን ደህና መጥተናል፤ ያው ግማሽ አይደል ብዬ አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ማዞሩ መጣ። ኮረንቲውም ብልጭ አለ። ክረምት ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ እሳቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው ይነጫነጫሉ አለችኝ ልጅቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጥ ላይ ጨው ስትጨምሩ ጣዕሙን ከምንም በላይ የምትለውጠው የመጀመሪያዋ ቁንጥር ናት። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ለውጡ እያነሰ ይሄዳል። መድኃኒቱም አንጎል ላይ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ትንሽ መጠን ብቻዋን ብዙ ሥራ ትሠራለች። ስለዚህ ሲቀነስ ከላይ ያለው ግማሽ ብዙም አይታወቅም፤ ከታች ያለው ግማሽ ግን ትልቅ ነው። ወደ መጨረሻው እየተጠጋችሁ ስትሄዱ እርምጃው ማጠር አለበት። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ «ግማሽማ ምን አላት» ብሎ ይጥላታል።

ትንሽ ወደ ኋላ ተመለስን። ግማሽና ሩብ አደረግነው። በሳምንት ውስጥ ተረጋጉ። ነሐሴ ሚካኤልን ምንም ሳንነካ አሳለፍነው። ጳጉሜም መሃል ገባችና ወሩ ረዘመ፤ ለእኛ ጠቀመን። መስከረም ሚካኤል ግማሽ፣ ጥቅምት ሚካኤል ሩብ። ወደ ኋላ መመለስ ሽንፈት አይደለም። እሳቸው አፍረው ነበር። መሶብ ስትሰፊ የተጣመመውን ፈትተሽ ትመልሺ የለ እንዴ ያለቻቸው ልጃቸው ናት።

አንዳንዱ ሰው በራሱ «አንድ ቀን እየዘለልኩ ልውሰድ» ይላል። ለሰርትራሊን ይህ አይሆንም። ግማሹ በአንድ ቀን ገደማ ከሰውነት ይወጣልና በዘለላችሁት ቀን ሰውነት ከፍ ዝቅ ይላል። ፍሉኦክሴቲን የሚባለው ሌላው የድብርት መድኃኒት ለብቻው ነው። ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት በራሱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ምልክት ከመጣም ዘግይቶ ነው የሚመጣውና ንቁ። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒትም በድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል።

ጾምና ጸበል መድኃኒት የሚቋረጥባቸው ትልልቆቹ ሰበቦች ናቸው። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ፤ እጾማለሁም። በቀን አንዴ የሚወሰድ ኪኒን ጾሙ ከተፈታ በኋላ ማታ ሊወሰድ ይችላል። ሰዓቱን ማዛወር ብቻ ነው፤ ባለሙያችሁን ጠይቃችሁ አዛውሩት። ስለ ጸበሉ ደግሞ ወደ ንስሐ አባታቸው አብረን ሄድን። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረው እንደነበር አነሳሁላቸው። የንስሐ አባታቸውም «ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ ኪኒንሽንም ዋጪ» አሏቸው። ከእኔ አሥር ቃል የእሳቸው አንዷ ሠራች።

ሌላ ምክንያት ደግሞ መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ መጥፋቱ ነው። ኪኒናችሁ ሳያልቅ፣ ሳምንት ሲቀረው ኑ። ባለቀበት ቀን ከመጣችሁና ከሌለ፣ ያ ሳትወስኑት የመጣ ማቋረጥ ነው።

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ምላጭ የሚያነሳ እንዳይኖር እለምናለሁ። ድብርት ደጋግሞ የያዘው ሰው፣ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የሚያውቅ፣ ወይም ገና በቅርቡ የተሻለው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ መቀጠል ሊኖርበት ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የእንቅልፍ ኪኒን የሚባሉት እንደ ዲያዜፓም ያሉት ደግሞ በድንገት ሲቆሙ ራሳቸው የሚጥል ነገር ያመጣሉ። እነዚያን ያለ ሐኪም አትንኩ።

ከልጅቱ ጋር የያዝነው ሌላ ነገር አለ። እናቷ መጀመሪያ ሲታመሙ ምን ነበር የቀደመው? ብዙ አሰበች። መጀመሪያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየነቁ መቅረት። ቀጥሎ ከማኅበር መቅረት። ከዚያ ስፌታቸውን ማስቀመጥ። ሰው «ደብሮኛል» አይልም፤ ስፌቱን ያስቀምጣል። ሦስቱን ልጅቱ ስልኳ ላይ ጻፈቻቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ከታዩና ሁለት ሳምንት ከቆዩ እንድትደውልልኝ ተስማማን። እናትየዋም ሰሙ፤ ከጀርባቸው የተደረገ ነገር የለም።

የመጨረሻዋን ሩብ የዋጡት ኅዳር ሚካኤል ነው። «ኅዳር ሲታጠን» ነውና ከተማው ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። የተረፉትን ኪኒኖች እሳቱ ላይ ሊጥሏቸው ነበር። እኔ ጋ ያምጧቸው አልኳቸው። በማግስቱ ሙዳይዋን ይዘው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጧት። አራት ሙሉ፣ ሦስት ግማሽ፣ አንድ ሩብ። ቀጠሮ ግን አላቋረጥንም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው ይበልጥ የሚፈለጉት። በየሚካኤሉ ይመጣሉ።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ፣ ልጅቱ ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ሲስተር፣ እናቴ ከጠዋት ጀምራ እያለቀሰች ነው።»

ልቤ ደንገጥ አለ። «እንቅልፋቸውስ?» አልኳት።

«ትተኛለች። ሌሊት አትነቃም።»

«ማኅበር ሄደዋል?»

«እሑድ ሄዳለች።»

«ስፌቱስ?»

«ትናንት የመሶቡን ክዳን ጀምራለች።»

«ታዲያ ከጠዋት የት ነበሩ?»

ትንሽ ዝም አለች። «ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ቤት ናት።»

«እንግዲያ ተያቸው፣ ያልቅሱ» አልኳት።